የጀልባ ወለል ዋጋ ከምንጣፉ ሥር ነው

አነስተኛ የሞተር ጀልባ ገዝቶ በሐይቅ ላይ ሰው ለማመላለስ ያሰበ ባለሀብት አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰላው የሞተሩን ዋጋ፣ የነዳጁን ወጪና የነጂውን ደመወዝ ነው። ተሳፋሪው የሚረግጠው ወለል ግን ከሒሳቡ ግርጌ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር ይታለፋል። ይሁንና ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ጀልባውን ከሥራ አውጥቶ ዳር ላይ የሚያስቀምጠው ይኸው በ«ልዩ ልዩ» የታለፈው ወለል ሊሆን ይችላል።

በጣና፣ በሐዋሳ፣ በዝዋይም ሆነ በጫሞ ሐይቅ ለሚሠራ የመንገደኛ ጀልባ የቪኒል ወለል የሚመረጥባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። በቀላሉ ይታጠባል፣ ለዓይን ያምራል፣ እንደ ክር ምንጣፍ ውሃና ሽታ አይዝም፣ ባዶ ላሜራ እንደሚያደርገውም እግር አያቃጥልም። ችግሩ ወለሉ አንድ ዕቃ አለመሆኑ ላይ ነው። ከላይ ምንጣፉ፣ ከሥሩ ሙጫው፣ ከዚያ ኮምፖልሳቶው፣ ከሁሉም በታች ተሸካሚው አለ። ገበያው አራቱንም ለየብቻ ይሸጣል፤ ገዢው ግን የሚከራከረው በዓይኑ በሚያየው በላይኛው ላይ ብቻ ነው። ጀልባውን የሚያከስረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የማይታየው ነው።

ሁለት ዓይነት ምንጣፍ፣ አንድ መልክ

ቪኒል በገበያ አጠራር ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ይህ ፕላስቲክ በባሕርዩ ደረቅ ነው፤ የውሃ ቧንቧም የሚሠራው ከእርሱ ነው። እንደ ጨርቅ የሚጠቀለለው ማለስለሻ ኬሚካል ስለሚጨመርበት ነው። ፀሐይና ሙቀት ደግሞ ይህን ማለስለሻ ቀስ በቀስ ያወጡታል። ማለስለሻው ያለቀበት ምንጣፍ ይሸበሸባል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል።

በመርካቶ ለቤት ወለል በሜትር እየተቆረጠ የሚሸጠው የፕላስቲክ ምንጣፍ የተሠራው ጣሪያ ሥር ለሚውል ወለል ነው። ፊቱ ለስላሳ ስለሆነ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ከጀርባው ብዙ ጊዜ ስፖንጅ መሰል ወይም ወረቀት ነክ ሽፋን ስላለው ከጠርዝ የገባ ውሃ ይጠጣል። ለጀልባ ተብሎ የሚሠራው ቪኒል በአንጻሩ ፀሐይን የሚቋቋም ተጨማሪ ኬሚካልና የሻጋታ መከላከያ ይገባበታል፤ ጀርባው ውሃ የማይጠጣ ነው፤ ፊቱም እግር እንዲይዝ ሸካራ ተደርጎ ይታተማል።

ይህ ልዩነት በአገራችን ሐይቆች ላይ ይበልጥ ይጎላል። የአልትራቫዮሌት ጨረር ከባሕር ወለል በላይ በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ እየጨመረ ይሄዳል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ በዚያ የሚሠራ ጀልባ የሚያርፍበት ጨረር በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ከፍታ ለሚሠራ ጀልባ የፀሐይ መከላከያው ጉዳይ የቅንጦት አይደለም። ቀለም ሲመረጥም ፈዘዝ ያለው ይሻላል፤ ጥቁርና ቡናማ ወለል በቀትር ይግላል፣ በባዶ እግሩ ለሚሳፈር ምዕመንም አይመችም።

አስመጪው ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ወጥመድም አለ። «ማሪን ቪኒል» የሚለው ስም በውጭ አገር ገበያ ለወለልም ለጀልባ ወንበር ልብስም ያገለግላል። የወንበሩ ልብስ ስስና ጀርባው ጨርቅ ነው፤ ወለል ላይ ቢነጠፍ አይበረክትም። ትዕዛዝ ሲጻፍ «የወለል» የሚለው ቃል፣ ውፍረቱና የጀርባው ዓይነት አብረው ካልተገለጹ ኮንቴይነሩ ሲከፈት መደናገጥ ሊከተል ይችላል።

በሜትር ወይስ በካሬ?

ጥቅል ምንጣፍ የሚሸጠው በርዝመት ሜትር ነው። ጥቅሎች ግን ወርዳቸው ይለያያል። የጀልባ ቪኒል ከሚመረትባቸው ወርዶች መካከል 1.83 ሜትርና 2.59 ሜትር የሚሆኑት ይገኙበታል። የሁለቱን ዋጋ በሜትር ብቻ የሚያነጻጽር ገዢ ራሱን ያታልላል።

ለአብነት ያህል ወለሉ 6 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ወርድ ያለው ጀልባ ይወሰድ። ምንጣፉ በየጎኑ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ሥር መታጠፍ ስላለበት የሚያስፈልገው ወርድ 2.10 ሜትር ይሆናል። ከዚህ ላይ 2 ሜትር ወርድ ያለው ምንጣፍ ልክ የሚመጣ መስሎ ሳለ እንደማይበቃ ልብ ይሏል።

አሁን ለስሌት እንዲመች ብቻ 1.83 ሜትር ወርድ ያለው በሜትር 1,000 ብር፣ 2.59 ሜትር ወርድ ያለው ደግሞ 1,300 ብር ነው እንበል። ቁጥሮቹ የምሳሌ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ሁለተኛው በሜትር 30 በመቶ ይወደዳል። በካሬ ሲመታ ግን የመጀመሪያው 546 ብር፣ ሁለተኛው 502 ብር ሆኖ ይገኛል። ወደ ጀልባው ስንመለስ ሰፊው 6.20 ሜትር ተቆርጦ 8,060 ብር ይፈጃል፤ መገጣጠሚያም የለውም። ጠባቡ በርዝመት ሁለት ጊዜ ቢነጠፍ 12.40 ሜትር፣ ማለትም 12,400 ብር ይሆናል። በወርድ አቋርጦ ቢነጠፍ አራት ቁራጭ፣ በድምሩ 8.80 ሜትር፣ ማለትም 8,800 ብር ይጠይቃል፤ ያውም በሦስት መገጣጠሚያ። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ደግሞ ውሃ የሚገባበት በር ነው። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የተባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ኮምፖልሳቶው ውሃ ሲጠጣ

ከምንጣፉ ሥር ያለው እንጨት የወለሉ ጉልበት ነው። በዚህ ረገድ መሠረታዊው ጥያቄ የእንጨቱ ውፍረት ሳይሆን ቅጠሎቹ የተጣበቁበት ሙጫ ዓይነት ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ የተሠራ ኮምፖልሳቶ ውሃ ሲያገኘው ቅጠል በቅጠል ይለያያል። ችፑድ ደግሞ ከናካቴው ሊታሰብ አይገባውም፤ ውሃ ሲነካው አብጦ ይፈርሳል። ለጀልባ የሚሆነው ኮምፖልሳቶ ሙቅ ውሃና ዝናብ በሚቋቋም ሙጫ የተሠራና በውስጡ ክፍተት የሌለው ነው። በዓለም ገበያ ቢኤስ 1088 የተባለው የእንግሊዝ ደረጃ የሚታወቀው ለዚህ ነው። ማኅተሙን ያላመነ ገዢ ቁራጭ ወስዶ ለአንድ ሁለት ሰዓት ቢቀቅለው ቅጠሎቹ የሚላቀቁ ከሆነ መልሱን በብረት ድስት ውስጥ ያገኘዋል።

አንድ ኮምፖልሳቶ 2.44 በ1.22 ሜትር ነው። ለተጠቀሰው ጀልባ አቋርጦ ሲነጠፍ አምስት ቅጠል ያስፈልጋል። ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ቢሆን 12 ካሬ ሜትሩ 130 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ይህ እንጨት የክብደቱን ሲሶ ያህል ውሃ ቢጠጣ ወደ ግማሽ ኩንታል የሚጠጋ ጭነት ተጨመረ ማለት ነው። ነዳጁን የሚበላ፣ ጀልባውን ወደ ውሃው የሚያስጠልቅ፣ ነገር ግን ሒሳብ የማይከፍል መንገደኛ ተሳፈረ እንደ ማለት ነው።

ጉዳቱ በነዳጅ ብቻ አያበቃም። የወንበሮቹ ብሎኖች የያዙት ይህንኑ እንጨት ነው። እንጨቱ ሲበሰብስ ብሎኑ ይላላል፤ ማዕበል በተነሳ ጊዜ ተሳፋሪው የሚደገፍበት ወንበር አብሮት ይወዛወዛል። ከላይ ያለው ምንጣፍ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ያምራል። አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ቪኒል ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለውን ያህል የገባው እንዳይወጣም ይከለክላል።

ስለዚህ ኮምፖልሳቶው ምንጣፉ ከመነጠፉ በፊት በሁለቱም ፊቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ኢፖክሲ መቀባት አለበት። ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ጠርዙ ነው፤ እንጨት ከፊቱ ይልቅ በተቆረጠበት በኩል ውሃ ይጠጣል። ብሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎችም አስቀድመው ተበስተው ውስጣቸው መቀባት ይኖርበታል። ከተቀባ በኋላ የሚበሳ ቀዳዳ ልፋቱን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

የአሉሚኒየም ጀልባ ያለው ባለሀብት ሌላ ጥያቄ ይጨምር። እንጨቱ በመዳብ የተዘጋጀ የብስባሽ መከላከያ የተነከረ ከሆነና እርጥብ ሆኖ አሉሚኒየሙ ላይ ካረፈ፣ መዳቡ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። በአሜሪካ አርሴኒክ ያለበት መከላከያ ለመኖሪያ ቤት ሥራ መዋሉ እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ካበቃ ወዲህ የተተኩት መከላከያዎች የመዳብ መጠናቸው ከፍ ያለ በመሆኑ ጉዳዩ ይበልጥ ትኩረት አግኝቷል። ሻጩ «የተነከረ ነው» ሲል እንደ ብልጫ ቢቆጥረውም፣ ለአሉሚኒየም ጀልባ በምን እንደተነከረ ሳይታወቅ መግዛት አይገባም።

ማስቲሽ ለምን አይሆንም?

ጫማ ሰሪውም አናጢውም የሚጠቀሙበት ማስቲሽ በየሱቁ ስለሚገኝና ወዲያው ስለሚይዝ ብዙዎች ለወለልም ይመርጡታል። ነገር ግን ከቪኒሉ የሚወጣው ማለስለሻ ወደ ተራው ማስቲሽ ሰርጎ እየገባ ከጊዜ በኋላ ያላላዋል። ውጤቱ በቀትር ፀሐይ እንደ ፊኛ የሚያብጥ ወለል ነው። በማስቲሽ የተጣበቀ ነገር አንዴ ከነካ ተነስቶ ስለማይስተካከል ስድስት ሜትር ምንጣፍ ለማንጠፍም አይመችም። ጭሱም እሳት ይስባል፤ ሲጋራ ባለበት ወይም በተዘጋ ክፍል ሊሠራበት አይገባም።

የሚያስፈልገው በቆርቆሮው ላይ «ለውጭ ወለል፣ ለቪኒልና ለእርጥበት ቦታ» ተብሎ የተጻፈበት ሙጫ ነው። ከቪኒሉ አምራች ጋር የተስማማ ሙጫ ማዘዝ ዋስትና ለመጠየቅም ይረዳል። የአንድ ቆርቆሮ ሙጫ ዋጋ ሲነጻጸርም በኪሎ ሳይሆን በሚሸፍነው ካሬ ሜትር መሆን ይኖርበታል።

የሥራው ቅደም ተከተል

ባለሙያ ቀጥሮ የሚያሠራ ባለቤት ራሱ ብሎን ባይፈታም ቅደም ተከተሉን ማወቁ ከመታለል ያድነዋል።

በመጀመሪያ ወንበሮቹ ተፈተው አሮጌው ወለል ሙሉ በሙሉ ይነሳል። በአሮጌው ላይ አዲስ ማንጠፍ ብስባሹን ከነችግሩ መሸፈን ነው። ተሸካሚዎቹ ይፈተሻሉ፤ የዛገ ብረት በብሩሽ ተፍቆ አንቲረስት ይቀባል፤ ውሃ የሚወርድበት መንገድና ከወለል በታች ያለውን ውሃ ለመቅዳት የሚከፈተው ክዳን ክፍት መሆናቸው ይረጋገጣል።

ቀጥሎ ኮምፖልሳቶው ተለክቶ ይቆረጣል፣ ስለታም ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይሞረዳል፣ ኢፖክሲ ይቀባል፣ ይደርቃል። በማይዝግ ብሎን ታስሮ የብሎኑ ራስና መጋጠሚያዎቹ በኢፖክሲ ስቱኮ ይሞላሉ። አንዲት የቀረች ጠጠር ወይም የብሎን ራስ በቪኒሉ በኩል ጎልታ ትታያለች፤ ውሎ አድሮም ትበሳዋለች።

ምንጣፉ ከጥቅሉ ተፈትቶ ለጥቂት ሰዓታት ተዘርግቶ ይቆያል። ይህ የመጠቅለያ ቅርጹን እንዲለቅ ነው። ከዚያ በግማሽ ተጠቅልሎ ሙጫው ጥርስ ባለው ማስተካከያ እኩል ይቀባል፤ የቆርቆሮው መመሪያ የሚለውን ያህል ደቂቃ ይጠበቃል፤ ምንጣፉ ይመለሳል፤ ሌላው ግማሽም እንዲሁ ይሠራል። ከመካከል ወደ ዳር በከባድ ሮለር ይዳመጣል። የወለል ሠራተኞች ለዚህ የሚጠቀሙበት ሮለር 45 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በእጅ መዳፍ የተዳመጠ ወለል ሥሩ አየር መያዙ አይቀርም።

ጠርዙ ታጥፎ በአሉሚኒየም መያዣ ይታሰራል። ወንበሮቹ ሲመለሱ እያንዳንዱ የብሎን ቀዳዳ ከብሎኑ ጋር አብሮ በጀልባ ማሸጊያ ይሞላል። ይህን የመጨረሻ ደረጃ ባለሙያዎች ሲቸኩሉ ይዘሉታል። ዋጋው ከሁሉም ያነሰ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

የተዘጋበት ቀንም ዋጋ አለው

ማፍረሱ አንድ ቀን፣ እንጨቱን መቁረጥና ኢፖክሲውን ደጋግሞ መቀባት ሦስት ቀን፣ ማንጠፉ አንድ ቀን፣ ሙጫው እስኪጠነክር ሦስት ቀን ቢባል ጀልባው ቢያንስ ስምንት ቀን ከሥራ ውጭ ይሆናል። በጣና ላይ ይህ ስምንት ቀን በገናና በጥምቀት ሰሞን ቢወድቅ ኪሣራው ይከብዳል። በክረምት ገበያው ቢቀዘቅዝም እርጥበቱ ለሙጫም ለኢፖክሲም አይመችም። ስለሆነም ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ያሉት ሳምንታት የተሻሉ ናቸው፤ በክረምት መሥራት ግድ ከሆነ ደረቅ ጣሪያ ያስፈልጋል። በበጋም ቢሆን ሙጫ መቀባት በቀትር ሳይሆን በጠዋት ነው።

አሁን ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። የቤት ምንጣፍ በተራ ማስቲሽ ከነእጅ ዋጋው 25,000 ብር ፈጅቶ ሁለት ዓመት ይቆያል እንበል። የጀልባ ቪኒል ከተገቢው እንጨትና ሙጫ ጋር 60,000 ብር ፈጅቶ ስምንት ዓመት ይቆያል። የጀልባው የተጣራ የቀን ገቢ 3,000 ብር ቢሆን የስምንቱ ቀን መዘጋት 24,000 ብር ነው። ርካሹ 49,000 ብር ለሁለት ዓመት ሲካፈል በዓመት 24,500 ብር ይመጣል። ውዱ 84,000 ብር ለስምንት ዓመት ሲካፈል 10,500 ብር ብቻ ነው። ውዱ ወለል አራት ዓመት ብቻ ቢቆይ እንኳ 21,000 ብር ሆኖ ከርካሹ ያንሳል።

ገበያ በቀዘቀዘበት ጊዜስ? በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተባባሰው ግጭት የባሕር ዳርን የጎብኚ ገበያ ክፉኛ ጎድቶታል። የቀን ገቢው ዜሮ ነው ተብሎ ቢሰላ እንኳ ርካሹ በዓመት 12,500፣ ውዱ 7,500 ብር ይሆናል። ሚዛኑ አይገለበጥም። የሚቸግረው በአንድ ጊዜ 60,000 ብር ማውጣቱ ነው። ይህን የማይችል ባለቤት ርካሹን ምንጣፍ ከመግዛት ይልቅ እንጨቱን በደንብ አዘጋጅቶ ላዩን አሸዋ የተደባለቀበት ቀለም ቢቀባው ይሻለዋል። አያምርም፤ ነገር ግን አያንሸራትትም፣ ችግርም አይደብቅም። ቪኒሉን ገንዘብ ሲገኝ በዚያው ላይ ማንጠፍ ይቻላል።

ቪኒል ለሁሉም ጀልባ አይሆንም። ማገዶ፣ እህልና ከብት የሚያመላልስ ጀልባ በጥቂት ወራት ይቀደዋል። መንጠቆና የዓሣ እሾህ የሚጎተትበት የአሣ አስጋሪ ጀልባም እንዲሁ። ለእነዚህ የተቀባ እንጨት ወይም ሸካራ ላሜራ ይበቃል።

ለአስመጪ፣ ለደላላና ለአሮጌ ጀልባ ገዢ

በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ የፕላስቲክ የወለል ምንጣፍ በአንቀጽ 39.18፣ ኮምፖልሳቶ በ44.12፣ ለገበያ የተዘጋጀ ሙጫ በ35.06 ይመደባሉ። ሦስቱን አንድ ላይ ማቅረብ የሚችል ነጋዴ ምንጣፉን ብቻ ከሚሸጠው የተሻለ ደንበኛ ይይዛል፤ ምክንያቱም የጀልባ ባለቤት የሚፈልገው ጥቅል ሳይሆን የሚሠራ ወለል ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሚቀጥለው ጭነት ዋጋ ካለፈው ሊለይ ስለሚችል፣ ለአንድ ጀልባ የሚበቃውን ከነመጠባበቂያው በአንድ ጊዜ መግዛት ይመከራል። የሁለት ጊዜ ጥቅል ቀለሙም አይገጥምም።

አሮጌ ጀልባ ለመግዛት የሚደራደር ሰው ደግሞ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ወለሉን ይርገጥ። ተረከዝ ሲያርፍበት የሚለፋ ወለል ሥሩ በስብሷል። ሮዝ መሰል ነጠብጣብ ከታየ ከቪኒሉ ሥር እርጥበትና ረቂቅ ሕዋሳት አሉ ማለት ነው፤ በማጠብ አይለቅም። ቢጫ እድፍ ግን ብዙ ጊዜ በላዩ ከተቀመጠ የጎማ ምንጣፍ የመጣ ስለሆነ መልክ እንጂ ጤና አያበላሽም። የክዳኑን ጠርዝ ከፍ አድርጎ እንጨቱን በካቻቢቴ ጫፍ መጫን የመጨረሻው ፈተና ነው። ካቻቢቴው ከገባ የአዲስ ወለል ዋጋና የስምንት ቀን ገቢ ከጀልባው ዋጋ ላይ ይቀነሳል። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ ገዢው ሌላ ጀልባ ቢፈልግ ይሻለዋል።